ዛሩ የሚጠይቀው ቡና



እዚህ አዳራሽ ውስጥ የዕድሜያቸውን እኩሌታ ካርቱም ያሳለፉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ዴም የከረማችሁ፣ ጀሬፍ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ሰሐፋ ሱቅ የነበራችሁ አላችሁ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የጦርነቱ ተኩስ ሲጀመር ለእኛ የፋሲካ ዋዜማ፣ ለሱዳኖቹ ደግሞ የረመዳን የመጨረሻው ሳምንት ነበር። ዶሮው ሳይታረድ፣ ዒዱም ሳይደርስ፣ ያገኘውን አንጠልጥሎ በገላባት ወደ መተማ የተሻገረው ወገን ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንደ ቀድሞው የማይወስደው፣ ደጅ ሲንኳኳ የሚደነግጥ፣ ያለ ምክንያት ልቡን ደበት የሚያደርገው ሰው በየቤታችን አለ። ምሽቱን በዚህ ርእስ እንድናሳልፍ የመረጥኩትም እነዚህን ሰዎች አስቤ ነው።

የተሰጠኝ ርእስ የባህል መድኃኒት ነው፤ በተለይም በዕፀዋት ውስጥ ያለው አልካሎይድ የሚባል ነገር የሰውን ስሜት እንዴት እንደሚለውጥ። ከጫካ ስለተማሰ ሥር፣ ደብተራ ብቻ ስለሚያውቀው ቅጠል እንድናገር የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የማወራው በአብዛኛው ስለ ቡና ነው። ዓመታቱንም፣ ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልለየሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ስለ ቡና የማወራው እንዲሁ የአገራችን ስለሆነ አይደለም። ስሜትን ከሚነኩት አልካሎይዶች ውስጥ በቡና ውስጥ እንዳለው ካፌይን የተጠና ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በግምት ሳይሆን በልኩ መነጋገር እንችላለን። በዚያ ላይ ካርቱም ውስጥ ልቧ የተጨነቀ፣ ራሷን የከበዳት፣ ሐኪም ቤት ሄዳ «ምንም የለብሽም» የተባለች ሴት መጨረሻ የምትደርሰው ዛር ቤት ነበር። እዚያ ደግሞ ጀበናው ከእሳት አይወርድም።

ዕፀዋት እግር የላቸውም፤ ተባይ ሲመጣባቸው አይሸሹም። ብዙዎቹ ናይትሮጅን ያለበት መራራ ውሕድ በቅጠላቸው፣ በፍሬያቸው ወይም በሥራቸው ያከማቻሉ። አልካሎይድ የምንለው ይህንን ነው። ስሙን በ1819 ያወጣለት ካርል ማይስነር የተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ነው። በዚያው ዓመት ፍሪድሊብ ሩንገ የተባለ ሌላ ወጣት ጀርመናዊ ድመት ታቅፎ ዬና ከተማ ታላቁ ገጣሚ ጎተ ዘንድ ቀረበ። ቤላዶና ከሚባል መርዛም ተክል ያወጣውን ነገር ዓይኗ ላይ ጠብ አድርጎበት ኖሮ የድመቷ ብሌን ፍጥጥ ብሎ ተከፍቷል። ጎተ በትርኢቱ ተደስቶ ጥቂት የቡና ፍሬ አቀበለውና ይህንንም መርምረው አለው። ሩንገ ካፌይንን ለይቶ ያወጣው ከዚያ ፍሬ ነው። የድመቷን ዓይን አትርሱብኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ካርቱም። የምታውቁትን ነው የምነግራችሁ፤ ላላየው ሰው ግን ይጠቅማል። በየመንገዱ ጥግ፣ በዛፍ ጥላ፣ በናይል ዳር መንገድ ላይ «ሲት ሻይ» የሚሏት ሴት ትቀመጣለች። ፊቷ የከሰል ምድጃ፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ሄልና ናና የያዙ ብልቃጦች፣ ዙሪያዋን ባምበር የሚባለው አጭር መቀመጫ። ቡናውን ቆልታ ከደረቅ ዝንጅብል ጋር ፈንዱክ በሚሉት ሙቀጫ ትወቅጠዋለች። ጀበናው አፍ ላይ አተላ የሚያጣራ የዘንባባ ቃጫ፣ «ሊፍ» የሚሉት፣ ይወተፋል። ፍንጃሏ እፍኝ አትሞላም፤ ስኳሩ ግን ከቡናው ይፎካከራል። በዚህ ሥራ ከሱዳናውያን እኅቶቻቸው ጎን ተቀምጠው ቤተሰብ ያስተዳደሩ፣ ጎንደርና መቀሌ ገንዘብ የላኩ የሀበሻ ሴቶች ስንት ናቸው! የፖሊስ አፈሳውን፣ የዕቃ ውርሱን የቻሉት ያውቁታል። የሻይና የምግብ ሻጮቹ ማኅበር መሪ ዐወዲያ ማሕሙድ በ2016 ዋሽንግተን ሄዳ የዓለም አቀፍ ጀግና ሴቶች ሽልማት የተቀበለችው ይህን ሥራ ሥራ ነው ብላ ስለተሟገተች ነው።

ለመድኃኒት ባለሙያ የዚያ ጀበና ጉዳይ የመጠን ጉዳይ ነው። የእኛ አረቢካ ቡና ከክብደቱ ከመቶ አንድ ነጥብ ሁለት ያህሉ ካፌይን ነው፤ ሮቡስታ የሚባለው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ለአንድ ጀበና 40 ግራም ቡና ከተወቀጠ 480 ሚሊግራም ገደማ ካፌይን ውስጡ አለ ማለት ነው። አውሮፓውያኑ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 ለጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200 ሚሊግራም ችግር የለውም ብሏል። ካፌይን በሙቅ ውኃ ቶሎ ስለሚሟሟ ትልቁ ድርሻ በአቦሉ ይወጣል፤ ቶናው የቀረውን ይወስዳል፤ በረካው ለምርቃት ነው። ስለዚህ አቦሉን የጠጣች ጎረቤትና በረካ ላይ የደረሰች ጎረቤት አንድ ቡና ጠጡ አይባልም።

ወደ ዛሩ ልግባ። በሱዳን ዛር «ሪሕ አሕመር»፣ ቀይ ነፋስ፣ ይባላል። ከየት መጣ ለሚለው አብዛኞቹ አጥኚዎች ጣታቸውን ወደ ኢትዮጵያ ይቀስራሉ፤ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በባርያ ንግድ መንገድ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ተስፋፋ ይላሉ። የሱዳኖቹ የዛር መናፍስት በየወገናቸው ይመደባሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ወገን «ሐበሽ» ነው። ሉሊያ አልሐበሺያ የምትባል መንፈስ አለች፤ ውበት፣ ሽቶና ጌጥ የምትወድ፣ ስሟ በመልካም የማይነሣ ኢትዮጵያዊት። እኔ በበኩሌ ይህን ስሰማ መሳቅም ማዘንም አይሆንልኝም፤ የስደተኛዋ ሴት መልክ በአገሬው ሰው ዓይን እስከ መናፍስቱ ዓለም ተከትሏታል። ለሐበሽ መናፍስት የሚቀርበው ደግሞ፣ መቼስ ታውቁታላችሁ፣ የጀበና ቡና ነው።

በጎንደርም ነገሩ ያው ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ፣ አባ ጄሮም ገብረ ሙሴ እያስተረጎሙለት፣ መልካም አየሁ ከምትባል ስመ ጥር ባለ ዛር ቤት ውሎ የጻፈው አለ። ቡናው፣ ዕጣኑ፣ ከበሮው፣ ጉሪ የሚሉት የዛር ውዝዋዜ፣ በሽተኛዋ የዛሩ ፈረስ መሆኗ፣ ሁሉም አለበት። ቤተ ክርስቲያን ቡናን ለረጅም ዘመን ስትነቅፍ የኖረችው አንዱም በዚህ የተነሣ ነው፤ ፊቱ የበራለት በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ሱዳን ውስጥ ደግሞ በ1989 ሥልጣን የያዘው መንግሥት ዛርን ከእስልምና ውጭ ነው ብሎ ተጫነው፤ ዛሩ ግን ከበሮውን ዝቅ አድርጎ በየጓዳው ቀጠለ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ዛር ቤት ገብታ ቡና የጠጣችው ሴት ቀለል ሲላት ያቀለላት ምንድን ነው?

ከሞለኪዩሉ ልነሣ። አንጎል በሠራ ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል። ነቅተን በቆየን መጠን እየበዛ ይሄዳል፤ በሕዋሳቱ ላይ ለእርሱ በተዘጋጁ ተቀባዮች ላይ ሲቀመጥ ሥራው ይቀዘቅዛል፣ ዓይን ይከብዳል። ካፌይን በቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል በዚያው ተቀባይ ላይ ይቀመጣል፤ ግን ምንም አያዝም። ሲት ሻይ ዘንድ ባምበር ይዞ ቡና የማያዝ ሰው ታውቃላችሁ አይደል? ካፌይን እርሱ ነው። ቡና ሊያዝ የመጣው እውነተኛ ደንበኛ መቀመጫ አጥቶ ይቆማል። አዴኖሲን መቀመጫ ሲያጣ ሰው ይነቃል። በተለይ ኤቱኤ የተባለው ተቀባይ ዶፓሚን ከሚሠራበት አካባቢ ጎን ለጎን ስለሆነ፣ አዴኖሲን ሲታገድ የዶፓሚን ድምፅ ከፍ ይላል፤ ሰውነት ይነቃቃል፣ ወሬው ይጥማል፣ ሥራው ይቀላል። ይህ ሁሉ ከጠጡ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ይደርሳል።

ነገር ግን ባለቤቲቱ ሞኝ አይደለችም። ደንበኛ ቆሞ ካየች ባምበር ትጨምራለች። ቡና በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አንጎልም የአዴኖሲን ተቀባዮቹን ያበዛል። አንድ ቀን ቡናው ከቀረ ቦታ የያዙት ሁሉ ተነሥተው ይሄዳሉ፤ በተጨመረው መቀመጫ ላይ አዴኖሲን ግጥም ብሎ ይቀመጣል። የአንጎል የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ራስ ይፈነከታል። ካርቱሞች «ራሲ ኸርማን» የሚሉት፣ እኛ ሐራራ የምንለው ይህ ነው። የሚጀምረው የመጨረሻው ስኒ ከተጠጣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ይበረታል፤ ከሁለት እስከ ዘጠኝ ቀን ሊቆይ ይችላል። ምልክቱ ራስ ምታት ብቻ አይደለም፦ ድካም፣ ብስጭት፣ ሐሳብ መበተን፣ ማቅለሽለሽ፣ የመንፈስ መደበት። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመሪያው ራሱን የቻለ ችግር ብሎ መዝግቦታል።

አሁን ደግሞ ባለ ዛሯን አስቧት። ቡናው ሲዘገይ ዛሩ ይቆጣል። ራሷን ይመታታል፣ ፊቷ ይጠቁራል፣ ሰው አትይ፣ ልጇን ትጮኽበታለች። «ዛሬ ቡናዬን ከልክለውኛል» ይላል በአፏ። ተፈልቶ ሲቀርብላት፣ ዕጣኑ ሲጤስ፣ አቦሉን ስትጨልጥ ይለቃታል። እኔ ዛር ሁሉ የቡና ሱስ ነው አላልኩም፤ ከበሮው ሲመታ የሚሆነውን ነገር ካፌይን አያስረዳውም። ነገር ግን ቡና የዘገየበት ዛር ቁጣና የካፌይን ሐራራ ምልክታቸውም ሰዓታቸውም ይገጥማል። በእኔ ግምት ዛሩ ተለመነ ከሚባለው ጊዜ ጥቂት የማይባለው ሐራራው የተቆረጠበት ጊዜ ነው።

ይህን ስል አየር ላይ ተንጠልጥዬ አይደለም። ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ፒተር ሮጀርስና ባልደረቦቹ በ2010 ባወጡት ጥናት ቡና አዘውትረው የሚጠጡ ሰዎች ጠዋት ካፌይን ሲያገኙ የሚደርሱበት ንቃት፣ ካፌይን የማያዘወትሩት ሰዎች ያለ ምንም ነገር ካላቸው ንቃት የሚበልጥ ሆኖ አልተገኘም። ጠዋት ተነሥተን «ቡና ካልጠጣሁ ሰው አልሆንም» የምንለው እውነታችንን ነው፤ ሌሊቱን ከሰውነት ተራ ያስወጣን ግን ያው የትናንቱ ቡና ነው። መበደርና መክፈል ነው እንጂ ትርፍ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ለፍርድ አትቸኩሉ። በ2023 የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቡና የሚያበዙ ሰዎችን ለ24 ሰዓት ከልክለው ካፌይን የወጣለት ቡና ሰጧቸው። ካፌይን የለውም ተብሎ በግልጽ የተነገራቸው ሰዎች እንኳ ሐራራቸው ቀነሰላቸው። ሽታው፣ ሙቀቱ፣ ስኒውን መያዙ፣ ምላስ ላይ ያለው መራራ፣ አንጎል ሲጠብቀው የኖረው ሥርዓት ሁሉ በራሱ ይሠራል ማለት ነው። ለዛር ቤት ይህ ትልቅ ምስክርነት ነው። ሃርቫርድ ደግሞ ከ50 ሺህ በላይ ነርሶችን ለአሥር ዓመት ተከታትሎ በ2011 ባወጣው ውጤት፣ በቀን አራት ስኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡት በድብርት የመያዝ ዕድላቸው በሳምንት ከአንድ ስኒ የማይበልጥ ከሚጠጡት ጋር ሲነጻጸር በ20 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። ቡናው ነው የጠበቃቸው ወይስ ድሮም ያልደበታቸው ሰዎች ናቸው ቡና የሚወዱት? እንዲህ ያለው ጥናት ይህን አይለይም። ባሏ የሞተባት ሴት ቡና ማፍላት እርግፍ አድርጋ ስትተው ያየ ሰው ጥያቄው የዋዛ እንዳልሆነ ያውቃል።

በዛር ቤት ውስጥ ከካፌይን ሌላ ያለው ነገር ሰው ነው። አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ በ1958 ስለ ጎንደር ዛር ሲጽፍ የቡድን ሕክምና ብሎ ጠርቶታል። ባለ ዛሯ ብቻዋን አትታከምም፤ ማኅበርተኛ አላት፣ የምትለብሰው ቀለም አላት፣ በራሷ ስም ልትናገረው የማትደፍረውን በዛሩ ስም ትናገራለች። ባሏ ጌጥ አልገዛም ቢላት ዛሩ ይጠይቅላታል። ዘንድሮ በከተማችን «ሳይኮቴራፒ» ተብሎ በሰዓት የሚከፈልበት ነገር ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?

ይህን ቀድሞ የተረዳ ሐኪም ካርቱም ውስጥ ነበር። ዶክተር ቲጃኒ አልማሒ በ1911 ተወለደ፤ ሕክምናን ካርቱም፣ የአእምሮ ሕክምናን እንግሊዝ አገር ተምሮ በ1950 በሰሜን ካርቱም የነርቭና የአእምሮ ሕሙማን ክሊኒክ ከፈተ። የአፍሪካ የአእምሮ ሕክምና አባት የሚሉት ብዙዎች ናቸው። በዘመኑ የነበረው ወግ የባህል ሐኪምን ማባረር ሲሆን፣ እርሱ ግን ፈኪ ከሚባሉት ሃይማኖታዊ ፈዋሾችና ከሼኾቹ ጋር ቁጭ ብሎ ተነጋገረ፤ ዛርንም አጠና። ሕመምተኛው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እነርሱ ከሆነ እነርሱን ሳያውቁ ሕመምተኛውን ማወቅ አይቻልም የሚል ሰው ነበር። ኋላም በዓለም ጤና ድርጅት አማካሪነት አገለገለ፤ በ1964 በሱዳን የሉዓላዊነት ምክር ቤት ተቀመጠ፤ በ1970 አረፈ። ኡምዱርማን ያለው የአእምሮ ሆስፒታል በስሙ ይጠራል። በእኛ ጸበል ቦታዎችና በእኛ ሆስፒታሎች መካከል የእርሱ ዓይነት ሰው አሁንም ያስፈልገናል።

እስካሁን ስለ ቸሩ አልካሎይድ ነው ያወራሁት። ድመቷን አስታውሱ አላልኳችሁም? ዓይኗን ያፈጠጠው የቤላዶና ወንድም በአገራችንም በሱዳንም በየቆሻሻ መጣያው ዳር በቅሎ ይታያል። እኛ አጤ ፋሪስ ወይም አስተናግር የምንለው፣ ሱዳኖቹ ሰይከራን የሚሉት ተክል ነው፤ አበባው እንደ ጥሩንባ፣ ፍሬው እሾሃም። ውስጡ አትሮፒን፣ ሃዮሳያሚንና ስኮፖላሚን አለበት። እነዚህ አሴቲልኮሊን የተባለውን፣ ለትውስታና ለትኩረት ዋና የሆነውን መልእክተኛ ከተቀባዩ ይከለክሉታል።

በቆሎ ተማሪው ዘንድ አብሾ የሚባል ነገር አለ። ከዚህ ተክል ይዘጋጃል ይባላል፤ የጠጣው ልጅ የሰማውን አይረሳም፣ ዳዊቱን በአንድ ጊዜ ይደግማል ይላሉ። ኋላ ግን አረቄ ሲቀምስ ያብዳል፤ ጠጥቶ የሚሰክርና የሚበጠብጥ ሰው ሁሉ «አብሾ አለበት» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ከመድኃኒት ጥናት ብትጠይቁኝ እውነታው ተገላቢጦሽ ነው። በቤተ ሙከራ የመርሳት ችግርን ለማጥናት አይጥም ሆነ ሰው ላይ ሆን ተብሎ መርሳትን ለማምጣት የሚሰጠው መድኃኒት ስኮፖላሚን ራሱ ነው። ዳዊቱን ያስደገመው የኔታ፣ ዱላውና የሌሊቱ ዜማ ናቸው እንጂ አጤ ፋሪስ ከቶ አይደለም።

በዚህ ተክል የተመረዘ ሰው እንዲህ ነው፦ አፉ ይደርቃል፣ ሰውነቱ እንደ እሳት ይግላል፣ ላብ የለውም፣ ብሌኑ ፍጥጥ ይላል፣ ልቡ ይሮጣል፣ ሽንቱ ይቋረጣል፣ የሌለ ሰው ያናግራል። አገር ቤት ቢሆን ጋኔን ሰፈረበት ይባላል፤ ካርቱም ቢሆን ጂን። ጸበሉም ቁርአኑም ይቆይ አልልም፤ መጀመሪያ ግን ሆስፒታል። ፊዞስቲግሚን የሚባል ማርከሻ አለው፤ የሚገርመው ይህም ካላባር ባቄላ ከተባለ የምዕራብ አፍሪካ ተክል የተገኘ አልካሎይድ ነው።

ደግሞ ነገሩ አያልቅም። በ2006 የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች ማውራ ፉሬና ዌይን ድሬቬትስ ያንኑ ስኮፖላሚን በጥቂቱ በደም ሥር ሲሰጡ በጽኑ ድብርት የተያዙ ሰዎች ስሜት በቀናት ውስጥ እንደተሻሻለ ጻፉ። በኋላ የተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ አልደገሙትም፤ ስለዚህ ዛሬ መድኃኒት ቤት ሄዳችሁ አትጠይቁት። በ1952 ራዎልፊያ ከሚባለው የሕንድ የባህል መድኃኒት የተለየው ሬዘርፒንም እንዲሁ ነው፤ የአእምሮ ሕሙማንን አረጋጋ፣ የደም ግፊትን አወረደ፣ ከዚያ ከሚወስዱት ሰዎች አንዳንዶቹ በጽኑ ድብርት ተያዙ። የአንጎል መልእክተኞች ሲጎድሉ ድብርት ይመጣል የሚለው ሐሳብ በከፊል የተነሣው ከዚያ ነው። አንድ ተክል ነው፤ ለአንዱ ዕረፍት፣ ለሌላው ድባቴ።

ኡምዱርማን ገበያ ዐጣር ከሚባሉት የቅመምና የመድኃኒት ዕፀዋት ሻጮች ሱቅ የገባችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሐርጀል ለሆድ ቁርጠት፣ ሰናመኪ ለድርቀት፣ ሒልባ ለአራስ፣ ቀረድ ለጉንፋን። እነዚህ ብዙዎቹ ከስሜት ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ስጋቴ በስም ሳይሆን በዱቄት መልክ፣ «ለጭንቀት ነው፣ ለመፍዘዝ ነው» ተብሎ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ነው። የቅጠሉ ስም ያልተነገራችሁን ነገር አትዋጡ።

የቀረኝ ከጦርነቱ ለተመለሳችሁት የምለው ነው። የተኩስ ድምፅ በጆሮው የቀረ ሰው ልቡ ቀድሞም በሩጫ ላይ ናት። ካፌይን ያንን ሩጫ ያባብሳል፤ የድንጋጤ ሕመም ላለበት ሰው በዛ ያለ መጠን በቀጥታ ድንጋጤውን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ብዙ ሰው ሌሊት አልተኛሁም ብሎ ቀን ላይ ቡና ያበዛል፤ ያ ቡና የሚመጣውን ሌሊት ይበላዋል። ዲትሮይት የተሠራ የ2013 ጥናት 400 ሚሊግራም ካፌይን ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት እንኳ ቢወሰድ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በጤነኛ ሰው የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ወደ ሦስት እጥፍ ይረዝማል። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሁላችሁም ሲፕሮ የምትሉት ኪኒን፣ ካፌይንን የሚያፈርሰውን የጉበት ኢንዛይም ስለሚያግድ እርሱን እየወሰዱ እንደወትሮው ጀበና መጨለጥ ልብ ያስመታል፤ በሽታው ባሰብኝ ብላችሁ ስትመጡ ብዙ ጊዜ ቡናችሁ ነው።

ስለዚህ ቡናው ጠዋት ይሁን። ማታ የሚፈላው ቀጠን ይበል፤ ጎረቤት መጥራቱ ግን አይቅር፤ ብቻዋን ተቀምጣ ከምትጠጣ ሴት ይልቅ ከሦስት ሰው ጋር በረካ የጠጣች ሴት ትሻላለች ብዬ ለመናገር ጥናት አልጠብቅም። ለጾም የምትዘጋጁ፣ ለረመዳንም ሆነ ለሁዳዴ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሳችሁን የሚፈልጣችሁ ረኃቡ ብቻ ሳይሆን ሐራራውም ነው። ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምራችሁ በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት ቀንሱ፤ በአንድ ጊዜ አትቁረጡ።

አንድ ነገር ግን በተለይ ለሐኪሞችና ለቤተሰብ። ለአእምሮ ሕመም ሊቲየም የሚወስድ ሕመምተኛ ቡና በድንገት ቢያቆም ኩላሊቱ ሊቲየሙን እንደ ቀድሞው አያስወጣውም፤ መጠኑ በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ሊመርዘው ይችላል። ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ቡና ድንገት ቢያበዛ ክሎዛፒኑ ይጠራቀምበታል። እነዚህን መድኃኒቶች እየወሰደ ጸበል ቦታ ገብቶ ቡና የተከለከለ፣ ዛር ቤት ገብቶ ቡና የበዛበት ሕመምተኛ ሁሉ ይህ አደጋ አለበት። ለሐኪም ስትነግሩ የምትወስዱትን ኪኒን ብቻ አትንገሩ፤ በቀን ስንት ስኒ እንደምትጠጡና ከመቼ ጀምሮ እንደተለወጠ ንገሩት። ሐኪሙም ካልጠየቃችሁ እናንተ አስታውሱት።